የአፈር ክምርን ከሰማይ መለካት፦ የድሮን ቅየሳ በጅማ የሚፈታውና የማይፈታው

በጅማ ከተማና በዙሪያዋ የሚካሄደው ግንባታ በአብዛኛው የአፈር ሥራ ነው። መንገድ ሲሰፋ ኮረብታው ይቆረጣል፤ የአዌቱ ወንዝ ዳርቻ ሲለማ ረባዳው ይሞላል፤ ሕንፃ ሲጀመር መሠረቱ ይቆፈራል፤ ለሁሉም ደግሞ ገረጋንቲ፣ ጠጠርና ድንጋይ ከየካባው (ድንጋይና አፈር ከሚወጣበት ቦታ) እየተጫነ ይመጣል። ይህ ሥራ የሚከፈለው በሜትር ኪዩብ በመሆኑ በሥራ ተቋራጩ፣ በአማካሪ መሐንዲሱና በአሠሪው መሥሪያ ቤት መካከል በየክፍያ ሰርተፍኬቱ የሚመላለሰው ጥያቄ ያው ነው፦ ስንት ኪዩብ ተቆፈረ፣ ስንት ኪዩብስ ተሞላ?

ለዚህ ጥያቄ ፈጣንና አከራካሪ ያልሆነ መልስ ይሰጣሉ ተብለው አሁን አሁን ተስፋ የሚጣልባቸው ካሜራ የተሸከሙ ትንንሽ ድሮኖች ናቸው። ተስፋው መሠረት የሌለው አይደለም፤ እንዲያውም በአንዳንድ ሥራ ላይ ድሮንን የሚተካከል የቅየሳ ዘዴ ማግኘት ያስቸግራል። ሆኖም ይዘት ማለት በሁለት ገጾች መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ድሮኑ የሚለካው ደግሞ በበረረበት ሰዓት ለዓይን የሚታየውን አንዱን ገጽ ብቻ ነው። ሌላው ገጽ፣ ማለትም አፈሩ ከመቆፈሩ ወይም ክምሩ ከመከመሩ በፊት የነበረው መሬት፣ አስቀድሞ ካልተለካ በኋላ የሚመጣ መሣሪያ ምንም ያህል ውድ ቢሆን ሊመልሰው አይችልም። ስለዚህ በጅማ የአፈር ሥራ ክርክር የሚቀንሰው ድሮን በመገዛቱ አይደለም፤ የሚቀንሰው የመጀመሪያው ገጽ መቼ፣ በማንና በየትኞቹ መቆጣጠሪያ ነጥቦች (ቦታቸውና ከፍታቸው በትክክል የታወቀ ምልክቶች) እንደሚለካ አስቀድሞ ስምምነት ሲደረስ ነው።

ነባሩ አሠራር ምን እንደሚመስል ማየት ይህን ግልጽ ያደርገዋል። በብዙ የሥራ ቦታ ቁጥሩ የሚያዘው በቢያጆ፣ ማለትም በመኪና ምልልስ ነው። የሲኖትራኩ (የገልባጭ መኪናው) ሳጥን 16 ሜትር ኪዩብ ይይዛል ተብሎ ይታሰብና መግቢያው ላይ የተቀመጠው ተቆጣጣሪ በየቢያጆው ምልክት ያደርጋል። ሳጥኑ ጢም ብሎ ይሙላ ወይም ጎደል ይበል፣ ያለፈው ቢያጆ ጭቃ ተጣብቆበት ይሁን ወይም ባዶ፣ ምልክቱ አንድ ነው። ከዚህ የሚብሰው ግን የተቆጠረው ኪዩብ የትኛው ኪዩብ እንደሆነ አለመታወቁ ነው። የጅማ አካባቢ ቀይ የሸክላ አፈር በተፈጥሮ ቦታው እንዳለ አንድ ሜትር ኪዩብ የነበረው ተቆፍሮ ሲፍረከረክ ከ20 እስከ 40 በመቶ ያብጣል፤ የፈነዳ ድንጋይ ደግሞ ከዚህም በላይ ያብጣል። ያው አፈር ሙሌት ላይ ተበትኖ፣ ውኃ ጠጥቶ በሮለር ሲጠቀጠቅ ተመልሶ ይሰበሰባል፤ ብዙ ጊዜም በተፈጥሮ ቦታው ከነበረው ይዘት ያንሳል። በአብዛኛው የመንገድ ሥራ ውል ቁፋሮ የሚከፈለው በተፈጥሮ ቦታው ሳለ በነበረው ይዘት፣ ሙሌት ደግሞ ተጠቅጥቆ ባለቀለት ይዘት ነው። በመኪና የሚቆጠረው ሦስተኛው ዓይነት፣ የላላው ኪዩብ ነው። ሦስቱን አንድ አድርጎ መያዝ ለአንዱ ወገን ትርፍ ለሌላው ኪሳራ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

ድሮን ይህን ልዩነት በራሱ አያውቅም። ጉድጓዱን ሲለካ የተፈጥሮ ቦታውን ይዘት፣ ክምሩን ሲለካ የላላውን፣ ሙሌቱን ሲለካ የተጠቀጠቀውን ይሰጣል። ስለሆነም ካባው ላይ ከተከመረው ጠጠር የተገኘን ቁጥር ከመንገዱ ሙሌት ቁጥር ጋር አነጻጽሮ «ይህን ያህል ጠፋ» የሚል ሪፖርት ማዘጋጀት፣ ቁጥሮቹ እስከ ሁለት አሥርዮሽ ቢጻፉም፣ ስህተትን ማሽሞንሞን ነው።

ልኬቱ እንዴት እንደሚሠራ

አሠራሩ ፎቶግራሜትሪ ይባላል። ድሮኑ በተወሰነ ከፍታ ላይ እየተመላለሰ መሬቱን የሚደራረቡ ፎቶዎች ያነሳል፤ አንድ ድንጋይ ወይም አንድ የሣር ጉቶ በበርካታ ፎቶዎች ላይ ከተለያየ አቅጣጫ ይታያል። ኮምፒዩተሩ እነዚህን የጋራ ምልክቶች ለይቶ ካሜራው እያንዳንዱን ፎቶ ሲያነሳ የት እንደነበረ፣ ሌንሱ ምን ያህል እንደሚያጣምምና ነጥቦቹ በሦስት አቅጣጫ የት እንዳሉ በአንድነት ያሰላል። ውጤቱ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ነጥቦች ስብስብ፣ ከእሱም የሚወጣ የገጽ ሞዴልና ልኬቱ የተስተካከለ፣ እንደ ካርታ ርቀት የሚለካበት የአየር ፎቶ (ኦርቶፎቶ) ነው።

ለመገመት ያህል ለቅየሳ ሥራ በሰፊው ያገለገለውን ፋንተም 4 ፕሮ የተባለ ድሮን እንውሰድ። የካሜራው ብርሃን ተቀባይ (ሴንሰር) 13.2 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ ሌንሱ 8.8 ሚሊ ሜትር የትኩረት ርቀት፣ ፎቶው በስፋቱ 5,472 ፒክሰል አለው። በ100 ሜትር ከፍታ ሲበር አንዱ ፒክሰል መሬት ላይ 2.7 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሸፍናል፤ አንዱ ፎቶ ደግሞ 150 ሜትር በ100 ሜትር የሆነ ቦታ ይይዛል። ፎቶዎቹ በበረራው አቅጣጫ 80 በመቶ፣ በጎን ደግሞ 70 በመቶ እንዲደራረቡ ከተፈለገ በየ20 ሜትሩ አንድ ፎቶ ይነሳል፣ መስመሮቹም በ45 ሜትር ይራራቃሉ። ለ10 ሄክታር ካባ ከ110 ያላነሱ፣ ዳርዳሩ ሲጨመር ወደ 150 የሚደርሱ ፎቶዎች ይበቃሉ ማለት ነው፤ ይህም ብዙ ጊዜ በአንድ ባትሪ የሚያልቅ ሥራ ነው።

ያንኑ ካባ ቀያሹ በቶታል ስቴሽን (ማዕዘንና ርቀት በሚለካው የቅየሳ መሣሪያ) ቢይዘው ረዳቱ ፕሪዝም የተሰካበትን ዘንግ ይዞ በተፈረካከሰ ድንጋይ ላይ መውጣትና መውረድ አለበት። የሚገኘው ነጥብ በየጥቂት ሜትሩ አንድ ሲሆን በነጥቦቹ መካከል ያለው ጉብታና ጉድጓድ እንደ ቀጥተኛ ሜዳ ይቆጠራል። ረዳቱ ሊወጣበት የማይደፍረው ገደል ደግሞ በግምት ይሞላል። ቅርጹ ላልተስተካከለ ክምር፣ ለካባ ግድግዳና ለተፈጨ ጠጠር ጉብታ ድሮን የተሻለ መሆኑ አያከራክርም፤ የሰውን እግርም ከአደጋ ያድናል።

አምስት ሳንቲ ሜትር የሚያመጣው ጣጣ

ለይዘት ወሳኙ ስህተት የከፍታ ስህተት ነው። በጥንቃቄ የተሠራ የድሮን ቅየሳ በአግድም ከአንድ እስከ ሁለት ፒክሰል፣ በከፍታ ደግሞ ከሁለት እስከ ሦስት ፒክሰል ያህል ሊሳሳት እንደሚችል በሙያው ይታሰባል። ከላይ ባነሳነው የበረራ ከፍታ የከፍታው ስህተት ከአምስት እስከ ስምንት ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ጉዳቱ ግን የሚወሰነው በሚለካው ነገር ቅርጽ ነው።

መሠረቱ 2,000 ካሬ ሜትር የሆነ፣ አማካይ ከፍታው 3 ሜትር የሚሆን የጠጠር ክምር ይዘቱ 6,000 ሜትር ኪዩብ ነው። መላው ገጽ በ5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ቢለካ ስህተቱ 100 ሜትር ኪዩብ፣ ማለትም ከ2 በመቶ በታች ይሆናል። ይህን የሚጠላ የሒሳብ ሹም ያለ አይመስለኝም። አሁን ደግሞ በ20,000 ካሬ ሜትር ላይ በ20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት የተነጠፈ ገረጋንቲ እንውሰድ። ጠቅላላ ይዘቱ 4,000 ሜትር ኪዩብ ነው፤ ያው የ5 ሳንቲ ሜትር ስህተት ግን እዚህ ላይ 1,000 ሜትር ኪዩብ፣ ማለትም የጠቅላላው ሩብ ይሆናል። አብራሪው አንድ፣ ድሮኑ አንድ፣ ፎቶው አንድ ሆኖ ሳለ በመጀመሪያው ሥራ አስተማማኝ ያልነው ልኬት በሁለተኛው ለክፍያ የማይበቃ ይሆናል። ስለዚህ የመንገድ ንጣፍ ውፍረት እንደ ድሮው በሌቭል (የከፍታ ልዩነት በሚለካው መሣሪያ) እና በቁፋሮ ናሙና መረጋገጡ ሊቀር አይገባም። ድሮን ስለመጣ ሌቭሉ ዕቃ ቤት ይግባ የሚል ሰው ካለ በመጀመሪያ ይህን ስሌት ቢሠራው ይበጃል።

ስህተቱ ሁልጊዜ እኩል ተሰራጭቶ አይገኝም። ካሜራው ቀጥ ብሎ ወደታች ብቻ እያየ በትይዩ መስመሮች ሲመላለስ ኮምፒዩተሩ የሌንሱን ጥመትና የመሬቱን ቅርጽ ለይቶ ማወቅ ያቅተዋል፤ መሬቱ ሜዳ ሆኖ ሳለ መሐሉ የተነፋ ወይም የጎደጎደ ሞዴል ይወጣል። በማያ ገጹ ላይ ሲታይ እጅግ ያማረ፣ ዳርና ዳሩ ትክክል የሆነ፣ መሐሉ ግን በአሥር ሳንቲ ሜትሮች የተሳሳተ ሥራ ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ ሁለት ነው። አንደኛው ካሜራውን ዘንበል አድርጎ ተጨማሪ ፎቶዎችን ማንሳት ነው። ሁለተኛው በቶታል ስቴሽን ወይም በትክክለኛ ጂፒኤስ የተለኩ፣ ከላይ የሚታዩ የመሬት መቆጣጠሪያ ነጥቦችን በዳር ብቻ ሳይሆን በመሐልም፣ በጉብታውም በጉድጓዱም ማሰራጨት ነው። የራሳቸው አርቲኬ ጂፒኤስ (ቦታን በሳንቲ ሜትር ደረጃ የሚለይ ጂፒኤስ) ያላቸው ድሮኖች የነጥቡን ቁጥር ይቀንሳሉ እንጂ ሙሉ በሙሉ አያስቀሩትም።

ከእነዚህ ነጥቦች መካከል ጥቂቶቹ ለስሌቱ ሳይሰጡ ለማረጋገጫ መቀመጥ አለባቸው። ሞዴሉ ካለቀ በኋላ በእነሱ ላይ የሚነበበው ልዩነት የሥራውን እውነተኛ ጥራት ይናገራል። ሶፍትዌሩ በራሱ ለስሌት በተጠቀመባቸው ነጥቦች ላይ የሚያወጣው ቁጥር ግን ተማሪ ራሱ የሰጠውን ፈተና ራሱ እንደማረም ነው። ለክፍያ የሚቀርብ የድሮን ሪፖርት የማረጋገጫ ነጥቦችን ልዩነት ካላሳየ አማካሪው መመለስ ይኖርበታል፤ ሪፖርቱ ያማሩ ባለ ቀለም ሥዕሎች ቢኖሩትም።

የመጀመሪያው ገጽ

የክምር ይዘት ሲሰላ ሶፍትዌሩ የክምሩን ዙሪያ ተከትሎ ከሥር አንድ ገጽ ይዘረጋል። መሬቱ ደልዳላ ከሆነ ይህ ግምት ብዙም አይሳሳትም። የጅማ መሬት ግን ደልዳላ የሚሆነው በጥቂት ቦታ ነው። ከጅረን ኮረብታ ወደ ከተማው ሲወረድም ሆነ ከከተማው ዳር ባሉት ካባዎች ክምሩ የሚፈሰው ብዙ ጊዜ ተዳፋት ላይ ወይም ከዚህ ቀደም በተቆፈረ ጉድጓድ አፍ ላይ ነው። ጉድጓዱን የሞላው አፈር ከዙሪያው በተገመተው ገጽ በታች ስለሚቀር አይቆጠርም፤ ጉብታ ላይ የተደፋው ደግሞ ጉብታውንም ጨምሮ ይቆጠራል። በክረምት የተከመረ ከባድ ድንጋይ በረጠበው ቀይ አፈር ውስጥ የሚሰምጠው አለ፤ ይህንንም ከላይ የሚያየው የለም።

ለቁፋሮ ችግሩ ይብሳል። ኮረብታው ከተቆረጠ በኋላ የነበረውን ኮረብታ የሚመሰክረው ወይ ቀድሞ የተሠራ ቅየሳ ነው፣ ወይ ከዲዛይኑ ጋር የመጣው የከፍታ መስመር ካርታ ነው። የዲዛይኑ ካርታ ለንድፍ እንጂ ለክፍያ አልተሠራም፤ ከሳተላይት የተወሰደ የከፍታ መረጃ ከሆነ ደግሞ ስህተቱ በሜትር የሚቆጠር በመሆኑ ለዚህ ጉዳይ ፈጽሞ አይረባም። ብዙውን ጊዜ ሥራ ተቋራጩ ዶዘሩን የሚያሰማራው የተስማሙበት ቅየሳ ከመፈረሙ በፊት ነው፤ ምክንያቱ ክፋት ሳይሆን የጊዜ ጥበት ይሆናል። አንድ ቀን የሚጠይቀው በረራ ሳይደረግ ቀርቶ ወራት የሚወስድ ክርክር የሚተከለው በዚያ ሳምንት ነው።

የመጀመሪያው በረራ የሚደረግበት ወቅትም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። የጅማ ዝናብ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚደርስ ሲሆን ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ ይዘልቃል። በመስከረም መጨረሻ በየሜዳው ያለው ሣር እስከ ጉልበት ይደርሳል፤ ካሜራው የሚያየው ደግሞ የሣሩን ጫፍ ነው። በ20,000 ካሬ ሜትር ላይ የ30 ሳንቲ ሜትር ሣር 6,000 ሜትር ኪዩብ የሌለ አፈር ይፈጥራል። የመጀመሪያው በረራ በመስከረም፣ የሁለተኛው ሣሩ ተመንጥሮ ካለቀ በኋላ ቢሆን አሠሪው ለሣር ይከፍላል ማለት ነው። ስለዚህ ምንጣሮው ካለቀ በኋላ፣ ቁፋሮው ግን ከመጀመሩ በፊት ያለችው አጭር ጊዜ ትክክለኛዋ ጊዜ ናት። ከኅዳር እስከ የካቲት ያሉት ወራት ሣሩ የሚደርቅባቸው፣ ሰማዩም የሚከፈትባቸው ስለሆኑ ለዚህ ይመቻሉ። ቀለል ያለ ደመና ያለበት ቀን ጥላ ስለማይጥል ለፎቶው እንዲያውም ይሻላል፤ ችግሩ ዝናቡና የማለዳው ጉም ነው።

ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ በመሆኗ አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው 15 በመቶ ያህል ይሳሳል፤ የድሮኑ ማራገቢያ ያንኑ ክብደት ለመሸከም በፍጥነት መሽከርከር ስላለበት ባትሪው አምራቹ ከጻፈው 30 ደቂቃ ቀድሞ ያልቃል። የበረራ ዕቅዱ በዚሁ መጠን መቀነስ አለበት።

ስለ መጋጠሚያ ቁጥሮች አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። የአገራችን ነባር ካርታዎችና ብዙዎቹ የመንገድ ቤንች ማርኮች (ቋሚ የቅየሳ ምልክቶች) በአዲንዳን ዳተም፣ ማለትም በቀድሞው የመጋጠሚያ ቁጥሮች መነሻ ሥርዓት ላይ የተመሠረቱ ሲሆኑ ድሮኑ የሚያውቀው ግን የጂፒኤሱን ሥርዓት ነው። የሁለቱ የሰሜንና የምሥራቅ ቁጥሮች በጠቅላላው 200 ሜትር ገደማ ይለያያሉ፤ የጂፒኤስ ከፍታም ከባሕር ወለል በላይ ከሚባለው ከፍታ በሜትሮች ሊለይ ይችላል። ሁለቱም ገጾች በአንድ ሥርዓት ከተለኩ ይህ ልዩነት ይዘቱ ላይ አንዳች ለውጥ አያመጣም፤ ከሁለቱም ላይ እኩል ስለሚቀነስ ይጣፋል። አንዱ ገጽ ከአሮጌው ቤንች ማርክ፣ ሌላው ከድሮኑ ጂፒኤስ ሲወሰድ ግን ቀልድ የሚመስል ቁጥር ይወጣል። ደግነቱ እንዲህ ያለው ስህተት ግዙፍ ስለሆነ ይታያል፤ የሚያሰጋው በከፍታ ላይ ሾልኮ የሚገባው የአሥር ወይም የሃያ ሳንቲ ሜትር ልዩነት ነው። መቆጣጠሪያ ነጥቦቹ ከሥራው ክልል ውጭ፣ ዶዘር በማይደርስበት፣ በኮንክሪት ተተክለው በሁለቱም ወገን መፈረም ያለባቸው ለዚህ ነው።

ድሮን የማያየው ጅማ

በከተማው ዳር ባሉት የቦዬና የኪቶ ረግረጋማ ቦታዎች ለጡብ ሥራ የሸክላ አፈር ይወጣል። ምን ያህል እንደወጣ ማወቅ ረግረጉን ለሚጠብቅም ሆነ ግብር ለሚሰበስብ ቢሮ ጠቃሚ ነው፤ ጉድጓዶቹን በየዓመቱ በድሮን መለካትም ቀላል ይመስላል። ጉድጓዶቹ ግን ውኃ ይቋጥራሉ። ውኃ ላይ ቋሚ ምልክት ስለሌለ ፎቶዎቹ አይጣጣሙም፤ ቢጣጣሙም የሚለካው የውኃው ገጽ ነው። በበጋው መጨረሻ ውኃው ሲጎድል የሚታየውን መለካት፣ የቀረውን በዘንግ እየለኩ መሙላት ግድ ይሆናል። ከጅማ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ አቅጣጫ የሚገኘውና እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራ የጀመረው 184 ሜጋዋት የሚያመነጨው የግልገል ጊቤ አንድ ግድብም ላይ ነገሩ ተመሳሳይ ነው፦ በሐይቁ ሥር የተኛውን ደለል ለማወቅ በጀልባ ላይ የተጫነ የድምፅ ሞገድ መለኪያ ያስፈልጋል። ድሮኑ የሚጠቅመው ደለሉ በሚመጣበት ተፋሰስ፣ በየማሳው ዳር እየሰፋ የሚሄደውን ቦረቦር ከክረምት በፊትና በኋላ በመለካት ነው። እዚያም ቢሆን የቦረቦሩ ግድግዳ ከሥሩ ስለሚቦረቦር ወደታች ብቻ የሚያይ ካሜራ ያንን ክፍል ያጣዋል።

ቡናው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። በዚህ አካባቢ ቡና የሚበቅለው በግራር፣ በዋንዛና በሌሎች ጥላ ዛፎች ሥር ነው። ፎቶግራሜትሪ የዛፉን አናት እንጂ መሬቱን አይሰጥም፤ በቡና መሬት ላይ የሚያልፍ መንገድ በዚህ ዘዴ ቢቀየስ የሚገኘው የቅጠል ካርታ ነው። በሌዘር የሚለካው ሊዳር በቅጠሎቹ መካከል ሾልኮ መሬት ሊነካ ይችላል፤ ዋጋው ግን ከካሜራው ጋር አይነጻጸርም። ከቡና ማበጠሪያዎች ጎን የሚከመረውን ገለባ ግን ድሮኑ በቀላሉ ይለካዋል። እዚህ ላይ የሚያስቸግረው ገዢው የሚፈልገው ኩንታል መሆኑ ነው፤ ኪዩቡ ወደ ኩንታል የሚለወጠው ገለባው ምን ያህል እንደደረቀና እንደተጠቀጠቀ ሲታወቅ ስለሆነ፣ ከክምሩ የተለያየ ቦታ ናሙና ሳይመዘኑ የሚሰጥ ክብደት ግምት ብቻ ነው።

ለከተማ ይዞታ ምዝገባም ኦርቶፎቶ ይጠቅማል። በአዋጅ ቁጥር 818/2006 የተጀመረው የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ የወሰን ካርታ ይፈልጋል፤ የአየር ፎቶውም ብዙ የእግር ጉዞ ይቀንሳል። ዳሩ ግን በጅማ ሰፈሮች፣ በሄርማታም ሆነ በመንደራ ቆጪ የሚታየው የቆርቆሮ ክዳን ከግድግዳው አልፎ ይወጣል፤ በተጠጋጉ ቤቶች መካከል ያለችው ጠባብ አጥር በሁለቱ ክዳኖች ሥር ትሰወራለች። ክርክር የሚነሳው ደግሞ በዚያችው አጥር ላይ ነው። የክዳንን ጠርዝ ወሰን ብሎ መፈረም ጎረቤትን ከጎረቤት ያጋጫል።

ፈቃድና ሰነድ

ድሮን ወደ አገር ለማስገባትና ለማብረር የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር (ኢንሳ) ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ያለ ፈቃድ የገባ ጉምሩክ ላይ ይያዛል። የአየር ክልሉ ጉዳይ ደግሞ የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው። በጅማ ይህ ለይስሙላ የሚባል ነገር አይደለም፤ የአባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያ ከከተማው ጠርዝ ላይ ስለሚገኝ በአንዳንድ የሥራ ቦታ ላይ መቶ ሜትር መውጣት ከአውሮፕላን መቃረቢያ መስመር ጋር ሊያጋጭ ይችላል። ስለሆነም የፈቃዱ ጊዜ በሥራው መርሐ ግብር ውስጥ አብሮ መታሰብ አለበት። ፈቃዱ ሲዘገይ የመጀመሪያው በረራ ካመለጠ ሥራው ድሮንን ትቶ በቶታል ስቴሽን መጀመር አለበት እንጂ ያለ ቅየሳ መጀመር የለበትም። ከዚህም ሌላ ድሮኑ ካባውን ሲያነሳ አጠገቡ ያለውን ግቢ፣ የተሰጣውን ልብስና የተቀመጠውን ሰው ያነሳል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ እንዲህ ያሉ ፎቶዎችን እንደ ተራ ነገር በየስልኩ ማሰራጨት ተጠያቂነት ሊያስከትል ይችላል። ሥራው ሲጠናቀቅ ከልኬቱ ክልል ውጭ ያለውን መቁረጥ ከባድ አይደለም።

ድሮን ከነባሩ ቅየሳ በግልጽ የሚበልጥበት፣ ግን ብዙም የማይነገርለት አንድ ነገር አለ፤ ልኬቱን ሌላ ሰው እንደገና ሊሠራው ይችላል። በቶታል ስቴሽን የተያዘ መዝገብ ቀያሹ በዚያን ቀን የመረጣቸውን ነጥቦች ብቻ ይዟል፤ ያልመረጠውን ጉብታ ከዓመት በኋላ ማንም ሊጨምርበት አይችልም። የድሮን ፎቶዎች ግን ገጹን ሙሉውን ይዘዋል። ሥራ ተቋራጩ ሜታሼፕ ወይም ፒክስ4ዲ በተባሉት የሚሸጡ ፕሮግራሞች ያሰላውን አማካሪው ያለ ክፍያ በሚገኘው ኦፕን ድሮን ማፕ ደግሞ አስልቶ፣ በካርታ ፕሮግራሙ በኪውጂአይኤስ ሁለቱን ገጾች ቀንሶ ልዩነቱን ማየት ይችላል። በውጤቱ ካልተስማሙ ጉዳዩን ሦስተኛ ወገን፣ ለምሳሌ የዩኒቨርሲቲ ባለሙያ፣ ካባው ከጠፋ በኋላም ቢሆን ሊመረምረው ይችላል። ይህ የሚሆነው ግን ርክክቡ የተጠናቀቀ ሪፖርት ብቻ ሳይሆን ያልተነኩትን ፎቶዎች፣ የመቆጣጠሪያና የማረጋገጫ ነጥቦቹን ቁጥር፣ የዳተሙን ስምና የካሜራውን መለያ ያካተተ ሲሆን ነው። አሁን በተለመደው አሠራር ለአሠሪው የሚደርሰው አንድ ገጽ ቁጥርና አንድ ባለ ቀለም ሥዕል ነው፤ ይህ የድሮኑን ዋና ጥቅም ጥሎ ዋጋውን ብቻ መክፈል ይመስለኛል።

በውሉ የልኬት አንቀጽ ላይ መጨመር ያለበትም ብዙ አይደለም። ምንጣሮው ካለቀ በኋላ ዶዘር ከመግባቱ በፊት የሁለቱ ወገኖች ቀያሾች ባሉበት እንደሚበረር፣ የማረጋገጫ ነጥቦች ልዩነት ከስንት ሳንቲ ሜትር ካለፈ በረራው እንደሚደገም፣ ቁጥሩ የተፈጥሮ ቦታው፣ የላላው ወይስ የተጠቀጠቀው ኪዩብ እንደሆነ፣ ከ30 ሳንቲ ሜትር በታች ለሆነ ንጣፍ ደግሞ ሌቭል እንጂ ድሮን እንደማይቀበሉ መጻፍ ይበቃል። ከላይ ለተጠቀሰው የ10 ሄክታር ካባ 150 ፎቶዎች ከአንድ ጊጋባይት ብዙም አይበልጡም፤ የአንድ ፕሮጀክት የሁሉም ወር በረራ በአንድ ሃርድ ዲስክ ተገልብጦ ከውሉ ሰነድ ጋር በአሠሪው መዝገብ ቤት ሊቀመጥ ይችላል።